ካፒቴኑ የት ነው? ቨርቹዋል ፕሮሰሰሮች እርስ በርስ የሚጠራሩበት መንገድ

ባለፈው ክረምት ጣና ዳር ካሉት መሥሪያ ቤቶች አንዱ "ሰርቨራችን ታሟል፣ ና እይልን" ብሎ ጠራኝ። ሰርቨሩ 8 ኮር፣ ማለትም ሥራውን የሚሠሩ 8 የፕሮሰሰር ክፍሎች፣ አለው። ላዩ ላይ አራት ቨርቹዋል ማሽን ይሠራል፤ በሶፍትዌር የተሠሩ፣ ራሳቸውን የቻሉ የሚመስሉ ኮምፒዩተሮች ናቸው። ሦስቱ ደህና ናቸው። ዳታቤዙ ያለበት ግን ይንቀራፈፋል። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ አንድ ፎርም እስክትከፍት ባለጉዳዩ እግሩን እየቀያየረ ቆሞ ይጠብቃል።

የአይቲ ክፍሉ ልጅ ጎበዝ ነው። የሚያውቀውን ሁሉ ሞክሯል። "ወንድሜ፣ 8 ቪሲፒዩ ነበረው። ቀርፋፋ ነው ሲሉን 16 አደረግንለት። ጭራሽ ባሰበት እኮ!" አለኝ። ቪሲፒዩ ማለት ለቨርቹዋል ማሽኑ የሚሰጥ ቨርቹዋል ፕሮሰሰር ነው።

ወደ 4 አወረድነው። ማሽኑ ነፍስ ዘራ።

ልጁ ደስ አለው፣ ግን ግራ ገባው። ሠራተኛ ሲቀነስ ሥራ ይፈጥናል እንዴ? ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ደግሞ ብዙ ሰው ገልጦ የማያየው ቦታ ላይ ነው ያለው። ከሥራ በኋላ ማንጎ ፓርክ ቁጭ ብለን፣ ከዘጌ የሚመለሱትን ጀልባዎች እያየን ነበር የነገርኩት። እዚህም በዚያው መንገድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ኢንተራፕት ምን እንደሆነ እንያዝ። ፕሮሰሰር አንድ ሥራ ይዞ ሲሮጥ "ያዝ፣ መጀመሪያ ይችን" የሚለው ጥሪ ነው። ኔትወርክ ካርዱ ዳታ ሲመጣለት ይጠራል። ዲስኩ አንብቤ ጨረስኩ ብሎ ይጠራል። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙም የማይነገርለት ግን ፕሮሰሰሮቹ ራሳቸው እርስ በርስ የሚጠራሩ መሆናቸው ነው፤ እሱም አይፒአይ ይባላል። በአንድ ማሽን ውስጥ ያሉ ኮሮች ቀኑን ሙሉ ይጠራራሉ። አንዱ "አዲስ ሥራ አንተ ወረፋ ላይ አስቀምጫለሁ፣ ተመልከት" ይላል። ሌላው "ይችን ፈንክሽን አሁኑኑ ሥራልኝ" ይላል። ሌላው ደግሞ "ያ የሜሞሪ አድራሻ ተቀይሯል፣ የያዝከውን እርሳው" ይላል። ይህ የመጨረሻው የዛሬው ጉዳያችን ዋና ተዋናይ ስለሆነ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ሊኑክስ ካላችሁ በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፕሮክ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ኢንተራፕትስ የሚባለውን ፋይል ክፈቱ። ታች ወርዳችሁ አር-ኢ-ኤስ፣ ሲ-ኤ-ኤል፣ ቲ-ኤል-ቢ የሚሉ መስመሮችን ፈልጉ። ሦስቱ አሁን የጠቀስኳቸው ጥሪዎች ናቸው። ትንሽ ጠብቃችሁ ድጋሚ ስታዩት ቁጥሮቹ አድገው ታገኟቸዋላችሁ።

እውነተኛ ማሽን ላይ ይህ ቀላል ነው። በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች እያንዳንዱ ኮር አጠገብ ኤፒክ የሚባል የኢንተራፕት ተቀባይ አለ። ላኪው የራሱ ኤፒክ ውስጥ አንድ ሬጅስተር ላይ ሁለት ነገር ይጽፋል፤ ለማን እና የጥሪ ቁጥር። የጥሪ ቁጥሩ ከ0 እስከ 255 ነው፣ የመጀመሪያዎቹ 32 ፕሮሰሰሩ ለራሱ ጉዳይ የያዛቸው ናቸው። ለምሳሌ ሊኑክስ በእነዚህ ማሽኖች ላይ "ወረፋህን ተመልከት" ለማለት 253ን ይጠቀማል። የቀረውን ሃርድዌሩ ያደርሰዋል። ተቀባዩ ሁልጊዜ ቦታው ላይ ስላለ "የት ነው ያለው?" የሚባል ጥያቄ የለም።

ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ግን ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው።

አሁን ወደቡን ተመልከቱ። 8 ጀልባ አለ እንበል። ካፒቴኖቹ ግን 32 ናቸው። የሚገርመው ደግሞ እያንዳንዱ ካፒቴን የራሱ ጀልባ ያለው ይመስለዋል። ጀልባው ኮር ነው፣ ካፒቴኑ ቪሲፒዩ ነው። ተራ አስከባሪው ሃይፐርቫይዘር ይባላል፤ "አንተ ግባ፣ አንተ ውረድ" እያለ ጀልባውን ያፈራርቃል። ኬቪኤም ሊኑክስ ውስጥ ያለ ተራ አስከባሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ከሊኑክስ 2.6.20 ጋር ነው የገባው። ለኬቪኤም አንድ ቪሲፒዩ ማለት አንድ ተራ ሊኑክስ ትሬድ (የሥራ ክር) ነው፤ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ተራ ይጠብቃል፣ ይተኛል፣ ይነቃል።

እንግዲህ አንዱ ካፒቴን ሌላውን ካፒቴን ሲጠራ፣ የሚጠራው ሰው ከአራት ቦታ አንዱ ላይ ነው። ውኃ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ማለትም አሁን በዚህች ቅጽበት ኮር ላይ ሆኖ የጌስቱን፣ ማለትም የቨርቹዋል ማሽኑን፣ ኮድ ይሠራል። ወደብ ላይ ከተራ አስከባሪው ጋር ጉዳይ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ማለትም ከጌስት ወጥቶ ሃይፐርቫይዘሩ አንድ ነገር እየፈጸመለት ነው። ሥራ ስለሌለው ዋርካው ሥር ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ሥራ እያለው ተራው አልፎ ጀልባውን ለሌላ አስረክቦ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ አራተኛው ሰው አልተኛም፣ አይቀሰቀስም። ጀልባ ነው የሌለው።

እያንዳንዱ ካፒቴን ወደብ ላይ የመልእክት ሰሌዳ አለው። ሰሌዳው 256 ቀዳዳ አለው፣ ለእያንዳንዱ የጥሪ ቁጥር አንድ አንድ። መልእክት መላክ ማለት አንድ ቀዳዳ ውስጥ ጠጠር መክተት ነው። ቀዳዳው ውስጥ ጠጠር ካለ ሌላ መጨመር ትርጉም የለውም፤ ያው አንድ ጠጠር ነው። ይህች ነገር ትንሽ ትመስላለች ግን ያዟት። ኢንተራፕት ደብዳቤ አይደለም። አምስት ሰው አንድን ቁጥር ቢጠራ ተቀባዩ ጋ አንድ ጥሪ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ እውነተኛው የሥራ ዝርዝር ሌላ ቦታ፣ ሜሞሪ ውስጥ ባለ ወረፋ ላይ ይቀመጣል። ጠጠሩ የሚለው "ወረፋህን እይ" ብቻ ነው።

ሊኑክስ ደግሞ እዚህ ላይ ቁጠባ ይወዳል። ወረፋው ባዶ ከነበረ ሥራውን አስቀምጦ ይጠራል። ባዶ ካልነበረ ግን ዝም ብሎ ሥራውን ከኋላ ይደረድራል፤ ከእኔ በፊት ያስቀመጠው ሰው ጠርቶታል ብሎ ነው። ብልህ አሠራር ነው። ግን መዘዙን እዩት፤ ያቺ አንዷ ጥሪ መንገድ ላይ ብትጠፋ ወረፋው ባዶ ስላልሆነ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ተጠርቷል ብሎ ያልፋል። ማንም ድጋሚ አይጠራም። ከላኪዎቹ አንዱ "ጨርሻለሁ" የሚል መልስ የሚጠብቅ ከሆነ እዚያው ተገትሮ ይቀራል። ቨርቹዋል ማሽኑ ይደርቃል፣ ስህተት የሚባል ነገር ስክሪን ላይ ላይወጣ ይችላል። አንዲት ጠጠር ናት የጠፋችው።

ስለዚህ ሃይፐርቫይዘሩ ከፍጥነት በፊት አንድ ቃል ይገባል፤ አንድም ጥሪ አይጠፋም። እንዴት እንደሚጠብቀው በቅርብ እንየው፣ እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው።

ላኪው ጠጠሩን ሰሌዳው ላይ ከከተተ በኋላ ተቀባዩ የት እንዳለ ያያል። ውኃ ላይ ከሆነ ስልክ ይደውልለታል፤ ማለትም ተቀባዩ ያለበትን እውነተኛ ኮር በእውነተኛ አይፒአይ ይነካዋል። ወደብ ላይ ከሆነ አይደውልም፤ ሰውዬው ጀልባ ከመሳፈሩ በፊት ሰሌዳውን ማየቱ ስለማይቀር ስልኩ ብክነት ነው። ተኝቶ ከሆነ ይቀሰቅሰዋል። ተራ የሚጠብቀውን ግን መተው ነው፣ ተራው ሲደርስ ያየዋል።

ቀላል ይመስላል። አሁን ተቀባዩን ልክ ሊሳፈር ሲል ያዙት። ሰሌዳውን አየ፣ ባዶ ነው። ቀጥሎ "ውኃ ላይ ነኝ" የሚለውን ምልክት ሊሰቅል እጁን ዘረጋ። በዚህች መሃል ላኪው መጣ። ጠጠሩን ከተተ። ምልክቱን አየ፣ ገና "ወደብ ላይ ነኝ" ይላል። እንግዲያው ሳይሳፈር ያየዋል ብሎ ሳይደውል ሄደ። ተቀባዩ ምልክቱን ሰቀለና ተሳፈረ። ጠጠሩ ሰሌዳው ላይ ቀረ። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል፣ ጥሪው ግን አልደረሰም።

መድኃኒቱ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ተቀባዩ መጀመሪያ ምልክቱን ይሰቅላል፣ ከዚያ ሰሌዳውን ያያል። ላኪው መጀመሪያ ጠጠሩን ይከታል፣ ከዚያ ምልክቱን ያያል። አሁን እንዴትም ቢገጣጠሙ ቢያንስ አንዱ የሌላውን ያያል። ላኪው ከቀደመ ተቀባዩ ጠጠሩን ያገኛል። ተቀባዩ ከቀደመ ላኪው ምልክቱን አይቶ ይደውላል። ሁለቱም ከተያዩ ደግሞ አንድ ትርፍ ስልክ ይደወላል፣ ያ ምንም አይጎዳም።

አበቃ እንዳትሉ። ፕሮሰሰሩ የጻፈውን ነገር ወዲያው ለሁሉም አያሳይም። ጽሑፉን መጀመሪያ ስቶር በፈር በሚባል የግል ማስታወሻው ላይ ይይዘዋል፣ እሱ እስኪገለበጥ ድረስ ቀጣዩን ንባብ አስቀድሞ ሊያነብ ይችላል። የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች በቅደም ተከተል ጥብቅ ናቸው ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ይችን አንዷን ይፈቅዳሉ፤ መጀመሪያ የጻፍከው ለሌላው ሳይታይ፣ ቀጥለህ የምታነበው ሌላ አድራሻ ሊቀድም ይችላል። የእኛ ስልት ደግሞ የቆመው "ጻፍ፣ ከዚያ አንብብ" በሚለው ላይ ነው። ሁለቱም ሰዎች በግል ማስታወሻቸው ጽፈው የድሮውን ቢያነቡ ተመልሰን የቅድሙ ጉድጓድ ውስጥ ነን። ለዚህ ነው በሁለቱም በኩል፣ በጽሑፉና በንባቡ መሃል፣ ሜሞሪ ባሪየር የሚገባው። ትርጉሙ "የጻፍከው ለሁሉም ሳይታይ አንዲት እርምጃ እንዳትሄድ" ነው። የኬቪኤምን ኮድ ገልጣችሁ እዚህ ቦታ ላይ ከአንዲቷ የባሪየር መስመር በላይ ረዥም ማስታወሻ ተጽፎ ብታገኙ አይግረማችሁ። ያንን መስመር "ምን ይሠራል?" ብሎ የሚያጠፋ ሰው ሙከራው ሁሉ አልፎለት፣ ከስንት ጊዜ በኋላ የሆነ ቦታ የሆነ ማሽን ሌሊት ላይ ሊደርቅበት ይችላል።

ተቀባዩ ሰሌዳውን አይቶ ባዶ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ እግሩን ወደ ጀልባው ሲያነሳስ? በዚያች ቅጽበት ስልክ ቢደወልስ? ኬቪኤም ከዚህ ሁሉ በፊት የዚያን ኮር ኢንተራፕት ይዘጋል። የተደወለው ስልክ አይነሳም፣ ግን አይጠፋም፤ ሃርድዌሩ ይዞት ይቆያል። ካፒቴኑ ውኃው ላይ እንደገባ ወዲያው ይጮኽበታል። ተመልሶ ይወጣል፣ ሰሌዳውን ያያል፣ ጠጠሩን ይዞ ይገባል። ቀዳዳ የለም።

ለእንቅልፍም ሕጉ ያው ነው። ሊተኛ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ "ተኝቻለሁ" ይላል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ሰሌዳውን ዞር ብሎ ያያል፣ ከዚያ ይተኛል። በመሃል የሚቀሰቅስ ከመጣ "ተኝቻለሁ" የሚለውን ምልክት ያነሳዋል፤ ሰውዬው ጋደም ሊል ሲል "ምልክትህ ተነስቷል፣ ቁም" ይባላል። ይህን የሊኑክስ ስኬጁለር (ተራ መዳቢው) ለማንኛውም ትሬድ የሚያደርገው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። መተኛትና መንቃት በራሱ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ኬቪኤም ጌስቱ "ሥራ የለኝም" ሲል ወዲያው አያስተኛውም፤ በነባሪው ቅንብር እስከ 200 ማይክሮሰከንድ ድረስ ዓይኑን ገልጦ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ጥሪው በዚያ መሃል ይመጣል። ያን ኮር የሚፈልግ ሌላ ሥራ ካለ ግን መጠበቁን ይተወዋል። "ጌስቱ ሥራ ፈትቶ ሆስቱ (እውነተኛው ማሽን) ላይ ለምን ሲፒዩ ይበላል?" ለምትሉ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው።

አሁን ስለ ዋጋ እናውራ።

ካፒቴኑ ውኃ ላይ ሆኖ ወደብ መመለስ ካስፈለገው ኤክዚት ይባላል። ከጌስት ወጥቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ተመልሶ መግባት ነው። ከአንድ ሺህ እስከ ጥቂት ሺህ የፕሮሰሰር ሳይክል ይበላል። አንድ ጊዜ ከሆነ ምንም አይደለም። ግን በድሮው አሠራር አንድ አይፒአይ ስንት ኤክዚት እንደሚፈጅ ቁጠሩ። ላኪው ኤፒኩ ላይ ሲጽፍ ኤክዚት፤ ኤፒኩ የውሸት ስለሆነ ተራ አስከባሪው ነው የሚያስፈጽምለት። ተቀባዩ ስልክ ሲደወልለት ኤክዚት። ተቀባዩ ሥራውን ጨርሶ "ይኸው ጨረስኩ" ብሎ የራሱ ኤፒክ ላይ ሲጽፍ ሌላ ኤክዚት። እውነተኛ ማሽን ላይ እንደ ዓይን ጥቅሻ የምታልፍ ነገር ሦስት ጊዜ ወደብ ታመላልሳለች።

ቺፕ ሠሪዎቹ ይህን አይተው ቀስ በቀስ ሃርድዌሩን አስተካከሉት። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣቸው የሰርቨር ፕሮሰሰሮች ላይ ኤፒክቪ የሚባለውን አመጣ። "ጨረስኩ" ማለት ያለ ኤክዚት ሆነ። ከሁሉ የሚያምረው ግን የተቀባዩ ነገር ነው። ሰሌዳው 64 ባይት የሆነች አንዲት የሜሞሪ ቦታ ላይ ተቀመጠ፤ 256ቱ ቀዳዳዎች፣ ከዚያ "ስልክ ተደውሏል" የምትል አንዲት ቢት። ላኪው ወገን ጠጠሩን ይከትና ቢቷን ያያል። በርታ ከሆነ ሌላ ሰው ደውሏል፣ ዝም ይላል። ካልሆነ ያበራትና ለዚሁ ተብሎ በተለየ ቁጥር ይደውላል። ያ ቁጥር ውኃ ላይ ላለ ካፒቴን ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱ ያውቀዋል፤ ካፒቴኑን ወደብ ሳይመልስ ጠጠሮቹን ከሰሌዳው አፍሶ እዚያው ጀልባው ላይ ይሰጠዋል። ሃይፐርቫይዘሩ ከነጭራሹ አይሰማም።

ተቀባዩ ዳነ፣ ላኪው ግን አሁንም ይወጣል። ኢንቴል ይህንን የፈታው ዘግይቶ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ባወጣው አራተኛ ትውልድ ዚዮን። እዚያ ላይ ላኪው ለአንድ ተቀባይ ሲጽፍ ፕሮሰሰሩ ሠንጠረዥ አይቶ ጠጠሩን ራሱ ይከታል። ኤኤምዲ አቪክ በሚለው አሠራሩ ላኪውንም ተቀባዩንም ከመጀመሪያው አብሮ አስቦበታል፤ ሊኑክስ እሱን በስሪት 4.7 መደገፍ ጀመረ። ተቀባዩ ውኃ ላይ ካልሆነ ግን ኤኤምዲም ቢሆን ላኪውን ወደብ ይመልሰዋል፤ የተኛን ሰው መቀስቀስ የተራ አስከባሪ ሥራ ነው፣ ቺፕ አይችለውም። አርም የሚባለው ሌላው የፕሮሰሰር ዓይነት ደግሞ ሌላ መንገድ ነው የሄደው፤ በርስ በርስ ጥሪ 16 ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ የኢንተራፕት መቆጣጠሪያው ጂአይሲ 4.1 ከሚባለው ስሪት ጀምሮ ሃርድዌሩ ለቨርቹዋል ፕሮሰሰር በቀጥታ ያደርሰዋል።

ሃርድዌሩ የማያግዝ ከሆነም ጌስቱና ሃይፐርቫይዘሩ መነጋገር ይችላሉ። ሊኑክስ 4.19 ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 የገባ አንድ ዘዴ አለ። ጌስቱ ለብዙ ሰው መጥራት ሲፈልግ አንድ በአንድ እየወጣ ከመመላለስ ስም ዝርዝሩን ይዞ አንድ ጊዜ ይወጣል። በ64 ቢት ጌስት በአንድ ጉዞ እስከ 128 ተቀባይ ድረስ ይጠራለታል። ለትልልቅ ማሽኖች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

እዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ስለ ላኪውና ስለ መንገዱ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ችግር ግን መንገዱ አልነበረም። አራተኛው ሰው ነበር። ጀልባ የሌለው።

ቲ-ኤል-ቢ ያልኩትን አስታውሱ። እያንዳንዱ ኮር የሜሞሪ አድራሻ ትርጉሞችን፣ ማለትም "ይህ ቨርቹዋል ገጽ እዚያኛው ፊዚካል ቦታ ነው" የሚለውን፣ በአጠገቡ ባለች ትንሽ ማስታወሻ ይይዛል። አንድ ፕሮግራም ሜሞሪ ሲለቅ ያ ትርጉም ውሸት ይሆናል። ያን ፕሮግራም የሚሠሩ ሌሎች ኮሮች ሁሉ ሊረሱት ይገባል፤ ካልረሱት ለሌላ የተሰጠ ሜሞሪ ላይ ይጽፋሉ፣ ያ ደግሞ ጥፋት ነው። ስለዚህ የለቀቀው ኮር "እርሱት" ብሎ ለሁሉም ይጠራል። ጠርቶ ግን አይሄድም። ሁሉም "ረሳሁ" እስኪሉ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ሰው ከቀረ አይንቀሳቀስም።

እውነተኛ ማሽን ላይ ይህ በማይክሮሰከንዶች ያልቃል። አሁን 8 ጀልባ ላይ 16 ካፒቴን ያለውን የዳታቤዝ ማሽን አስቡት። ሌሎቹን ሦስት ማሽኖች እንኳ ብንረሳቸው፣ ይህ ማሽን ብቻውን ከካፒቴኖቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን በየትኛውም ቅጽበት ውኃ ላይ ማኖር አይችልም። ዳታቤዙ ብዙ ትሬድ አለው፣ ሜሞሪ ይወስዳል ይለቃል። በለቀቀ ቁጥር ለሁሉም ይጠራል። ከተጠሩት ውስጥ ጀልባ የሌላቸው አሉ። ጠጠሩ በትክክል ደርሷል፣ ሰሌዳው ላይ ነው፣ አልጠፋም። ግን ሰውዬው ተራው ደርሶ እስኪሳፈር አያየውም። ተራ ደግሞ የሚለካው በሚሊሰከንድ ነው። በማይክሮሰከንድ ማለቅ የነበረበት ነገር በሚሊሰከንድ ሆነ፤ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ይባስ ብሎ የሚጠብቀው ካፒቴን ጀልባውን ይዞ ነው የሚጠብቀው። ባዶ ሉፕ እየዞረ "ረሳህ? ረሳህ?" ይላል። ያ ጀልባ ለጠፋው ሰው ቢሰጥ ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። የሲፒዩው ግራፍ ደግሞ ሥራ የበዛበት ያስመስለዋል፣ ስለዚህ የሚያየው ሰው "ኮር አንሶታል" ብሎ ቪሲፒዩ ይጨምራል። መሥሪያ ቤቱ ያደረገው ይህንኑ ነው፣ ማንም ሰው በግራፉ ብቻ ቢፈርድ ያደርገዋል።

ለዚህም መፍትሔ ተበጅቷል፣ ሊኑክስ 4.16 ላይ። ሃይፐርቫይዘሩ ከጌስቱ ጋር የሚጋራው የሜሞሪ ቦታ ላይ "ይህ ካፒቴን ጀልባ የለውም" ብሎ ይጽፋል። ጌስቱ "እርሱት" ከማለቱ በፊት ያንን ያያል። ውኃ ላይ ላሉት ብቻ ይደውላል። ጀልባ ለሌለው ግን እዚያው ቦታ ላይ "ስትመለስ ሁሉንም እርሳ" የምትል ምልክት ትቶለት ይሄዳል፣ አይጠብቀውም። ሃይፐርቫይዘሩ ሰውዬውን ከማሳፈሩ በፊት ምልክቷን አይቶ ማስታወሻውን ያጸዳለታል። እዚህም ያቺው የቅድሟ መሽሎክ ትመጣለች፤ ምልክቱን ልተውለት ስል ተሳፍሮ ቢሄድስ? ምልክቱ የሚጻፈው "አሁንም ጀልባ ከሌለው ብቻ" በሚል የማይከፈል አንድ እርምጃ ነው። ተሳፍሮ ከነበረ ጽሑፉ አይሳካም፣ ጌስቱም ወደ ስልኩ ይመለሳል።

የመሥሪያ ቤቱ ጌስት ግን ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክሱ ዋና ክፍል፣ ከ4.16 የቆየ ነበር። ይህን ዘዴ አያውቀውም።

ልጁ "ታዲያ በምን አወቅክ?" አለኝ። በሁለት ነገር ነው። ጌስቱ ውስጥ ያንን የኢንተራፕትስ ፋይል በአሥር ሰከንድ ልዩነት ሁለት ጊዜ አይቼ የቲ-ኤል-ቢ መስመር እንዴት እንደሚሮጥ አየሁ። ከዚያ ቶፕ የሚባለውን ትእዛዝ ከፍቼ ኤስቲ የሚለውን ቁጥር ተመለከትኩ። እሱ ካፒቴኑ ሥራ እያለው ጀልባ አጥቶ የቆመበት ጊዜ ነው። ሁለቱ አብረው ሲያድጉ ነገሩ ግልጽ ነው። የኤክዚቱን ዓይነት ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ሆስቱ ላይ ፐርፍ ኬቪኤም ስታት የሚባለው ትእዛዝ የትኛው ምክንያት ስንት ጊዜ እንዳስወጣ ቆጥሮ ይሰጣል።

ወደ 4 ስናወርደው ምን ተለወጠ? የሚጠራው ሰው አነሰ። አንድ "እርሱት" ከ15 ሰው ይልቅ ከ3 ሰው ነው መልስ የሚጠብቀው። አራቱም ካፒቴኖች አንድ ላይ ውኃ ላይ የመገኘት ዕድላቸው ሰፋ። ሌሎቹን ማሽኖችም እንዲሁ ቀነስናቸው፤ ዌብ ሰርቨሩ 8 ቪሲፒዩ ይዞ የሚሠራው ለ2 የሚሆን ነበር። ጠቅላላው 10 ላይ ሲደርስ ኤስቲ ወደ ዜሮ ተጠጋ።

ጀልባዎቹ ታስረው፣ አሳ አጥማጆቹ ታንኳቸውን ወደ ዳር ሲጎትቱ ልጁ ስልኩን አውጥቶ ማስታወሻ ያዘ። ለሚቀጥለው ሳምንት የጻፈው ሥራ የጌስቱን ከርነል ማደስ ነው። ከዚያ ቪሲፒዩውን ወደ 6 ከፍ አድርጎ፣ ያቺን የቲ-ኤል-ቢ መስመር በአሥር ሰከንድ ልዩነት ድጋሚ ሊያያት ነው።